ባዝ «ቤት»፣ ባሕሪ «መንገድ»?

ስለ ኢትዮጵያውያን ስደት በአማርኛ የተጻፈውን አገላብጦ ያየ አንባቢ አንዲት ከተማ ደጋግማ ትገጥመዋለች፤ ባዝ። ስሟ ቃል በቃል ቢተረጎም «መታጠቢያ» መሆኑ ነው፤ ለእኛ ጆሮ ግን «ፍልውሃ» ብንላት ይቀርባል፤ ሮማውያን የገነቡት የፍል ውሃ መታጠቢያ እስከ ዛሬ የሚጎበኝባት የምዕራብ እንግሊዝ ከተማ ናትና። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት በዚህች ከተማ፣ ፌርፊልድ ሃውስ በተባለው ቤት ነው። ለንደንን የረገጠ ብዕረኛ ወገናችን በባቡር ወደ ባዝ መውረዱ፣ በቤቱ ደጃፍ ፎቶግራፍ መነሣቱ፣ ተመልሶም አንድ ገጽ መጻፉ ወግ ሆኗል።

ደግ ወግ ነው፤ ጠቤ ከእርሱ ጋር አይደለም። ጠቤ ከዝምታው ጋር ነው። ለአንድ ንጉሣዊ ቤተ ሰብና ለጥቂት አጃቢዎች አራት ዓመት መጠጊያ የሆነችውን ከተማ «ቤት» ብሎ የሚያከብር ብዕር፣ አሥር ሺሕዎችን ሃምሳ ዓመት ለተጠጋ ጊዜ ያስጠጋችውን ካርቱምን፣ ከእርሷም ውስጥ ከወንዙ ማዶ ያለችውን ባሕሪን፣ «መሸጋገሪያ» በሚል አንድ ቃል አልፏት ይሄዳል። ለመሆኑ ይህ ከምን የመጣ ነው?

ባሕሪን ያላየ አንባቢ ሊኖር ስለሚችል ጥቂት ልበል። እኛ ካርቱም የምንላት ከተማ ሦስት ናት። ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት መካከል ካርቱም፣ በምዕራብ ኦምዱርማን፣ በሰሜን ደግሞ ባሕሪ። ዐረብኛው ባሕሪ ያላት በወንዙ በኩል፣ በሰሜን ያለችው ለማለት ነው፤ ቃሉ ከእኛው «ባሕር» ጋር አንድ ሥር አለው። ከጣና የሚወጣው ውሃ ከመነሻው ባሕር ዳርን ይነካል፤ ከነጭ ዓባይ ጋር ሊገናኝ ሲል ደግሞ ባሕሪን ይነካል። ማደሪያ የለውም እያልን የምንተርትበት ወንዝ በሁለት ጫፉ፣ ከአንድ ሥር በወጣ ስም፣ ሁለት ከተማ አቁሟል። ከዋዲ ሐልፋ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደዚህ የደረሰው በ1899 መጨረሻ ሲሆን፣ ወደ ካርቱም የሚያሻግረው የጥቁር ዓባይ ድልድይ በ1909 ተሠራ። ከዚያ በኋላ ባሕሪ የሠራተኛና የፋብሪካ ከተማ ሆነች። ሻምባት፣ ሐልፋያ፣ ኮበር፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ ሐጅ ዩሱፍ፤ የሰይድ ዓሊ አል ሚርጋኒ መቃብር ያለበት ጉልላታማው መስጊድም እዚሁ ነው። በነሐሴ 1998 የአሜሪካ ሚሳይሎች ያፈረሱት የአሽ ሺፋ የመድኃኒት ፋብሪካ የባሕሪ ነበር፤ በዚያ ምሽት ከባሕሪ ሰው ጋር አብሮ የደነገጠው አበሻ ጥቂት አልነበረም።

ወደዚህች ከተማ የመጣነው በየተራ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ፣ ቀይ ሽብር ሲበረታ፣ በመተማና በሑመራ በኩል ገዳሪፍ የገባው ተማሪ አለ። በ1977ቱ ድርቅ ኡም ራኩባን በመሰሉ መጠለያዎች የሰፈረው ገበሬ አለ። ከ1983 በኋላ መለዮውን አውልቆ የተሻገረው ወታደር፣ ከዚያም ሥራ ፍለጋ ድንበሩን ያቋረጠችው ወጣት ሴት አለች። (ኡም ራኩባ በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ እንደ ገና መከፈቱን ያስታውሷል፤ የአባት መጠለያ ለልጅ ሲተርፍ ማየት ነው።) ከእነዚህ ከፊሉ የሰፈራ ዕድል ደርሶት ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራልያ ሄደ። ከፊሉ ግን ቀረ። በፋብሪካ ሠራ፣ በሰው ቤት አገለገለ፣ ረክሻ ነዳ፣ እንጀራ ጋግሮ ሸጠ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ጀበና ጥዶ ቡና አፈላ። ልጆቹ አማርኛን ከቤት፣ ዐረብኛን ከሰፈር ተምረው አደጉ። ይህ ሁሉ ሕይወት ነው «መሸጋገሪያ» የተባለው።

በትርጉም ሥራ እንጀራውን የሚበላ ሰው ቃል ላይ መነዝነዝ ልማዱ ነውና አንባቢ ይታገሠኝ። አማርኛችን ሰው ስለተወለደበት ቦታ ሲናገር ቃል አያጥረውም፤ ቀዬ አለ፣ አገር ቤት አለ፣ እትብት የተቀበረበት አለ። ያልተወለዱበትን፣ ዕድሜ ግን የፈጁበትን ስፍራ ለመጥራት ሲሞክር ይንተባተባል። «የቀድሞ መኖሪያ» ቢባል የቀበሌ ቅጽ ይመስላል። ቃል በሌለበት ቦታ «መሸጋገሪያ» ገብቶ ተቀመጠ። መሸጋገሪያ ድልድይ ነው፤ ድልድይ ላይ ደግሞ ማንም ጎረቤት የለውም።

አንድ ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት ሳስተረጉም፣ ባሕሪ 14 ዓመት የኖረች፣ ሁለት ልጆችም እዚያው የወለደች ሴት ከዚህ በፊት የት ትኖር እንደነበር ተጠየቀች። «መንገድ ላይ ነበርኩ» አለች። እንዳለችው ተረጎምሁ። ጠያቂው ሹም ብዕሩን አንሥቶ፣ «14 ዓመት መንገድ ላይ?» ሲል እኔንም እርሷንም በየተራ ተመለከተን። ሴትዮዋ አልዋሸችም። እኛ የሰጠናትን ቃል ነው መልሳ የተናገረችው።

ከዚህ የባሰው ሌላው ቃላችን ነው። ከዋሽንግተን፣ ከለንደን ወይም ከስቶክሆልም ለጉብኝት የሚመጣውን «ዲያስፖራ» እንለዋለን፤ አበባ ይዘን እንቀበለዋለን፤ መሬትም ይመራል፣ ጉባኤም ይጠራለታል። ከካርቱም የመጣው ግን «ተመላሽ» ነው። ሁለቱም ከአገር ወጥተው ኖረው የመጡ ሰዎች ናቸው። አንደኛው እንዲያውም ወደዚያ የሄደው በሌላኛው ከተማ አልፎ፣ በዚያው ከተማ ጎረቤት ተዳብሎ፣ ከዚያው ከተማ ሰው ብድር ተበድሮ ነው። ልዩነቱ የኪሱና ያረፈበት አህጉር ነው። እንግዲህ ባዝ ቤት፣ ባሕሪ መንገድ የሆነችበትን ምክንያት ለሚጠይቅ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ አውሮፓ መኖር ታሪክ ነው፣ ሱዳን መኖር ግን እድፍ ነው ብለን ካመንን ውለን አድረናል።

ታሪክ ከሆነ የሚፈለገው፣ ታሪኩስ ቢሆን መች ጠፋ? ንጉሠ ነገሥቱ ባዝ ላይ የኖሩት ሲጠብቁ ነው፤ መመለሻው የተሰናዳው በካርቱም ነው። በሰኔ 1940 ከእንግሊዝ ተነሥተው በግብፅ በኩል ሱዳን ሲደርሱ፣ የካርቱም የእንግሊዝ ሹማምንት አመጣጣቸውን ስላልወደዱት ዋዲ ሐልፋ ላይ አቆዩአቸው። ካርቱም ከገቡ በኋላ ስድስት ወር ያህል ተቀመጡ። የኮሎኔል ሳንድፎርድ ጓድ በነሐሴ ወደ ጎጃም ያለፈው ከሱዳን ነው፤ ዊንጌት ጦሩን ያደራጀው እዚያ ነው፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል ጉዞው የተጀመረው ከካርቱም ነበር።

የአማርኛ ጸሐፊ ነኝ የሚል ሰው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ዕዳ አለበት። በዚያው ወቅት የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆርጅ ስቲር በሚመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍል «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ በካርቱም ይታተም ነበር። በጣልያን ይዞታ ሥር ላለው ሕዝብ በአውሮፕላን የተበተነው የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ የተሰናዳውም በካርቱም ነው። አገሪቱ በጠላት እጅ ሳለች ነጻው የአማርኛ ኅትመት ካርቱም ተጠግቶ ኖረ ማለት ነው። በ1929 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ባዝ ሳሉ ያስጻፉት የሕይወት ታሪካቸው አንደኛ መጽሐፍ በ1965 ዓ.ም. ታተመ፤ ኤድዋርድ ኡሌንዶርፍም ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ። ስለዚያ መጽሐፍ የማይጽፍ የለም። ስለ «ባንዲራችን» ግን በቁም ነገር የተጻፈ ላንብብ የሚል ሰው ብዙ ይደክማል። ሱዳን በአማካዩ ኢትዮጵያዊ አእምሮ ውስጥ አሁንም ያለችው መጋቢት 1881 ዓ.ም. ላይ፣ ዐፄ ዮሐንስ በወደቁበት መተማ ላይ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ተቃውሞ ልምጣ፤ ክብደት ያለው ተቃውሞ ነውና በቀላሉ አላልፈውም። «ባሕሪን ቤቴ በላት ትለኛለህ ወይ? ከሻ የሚባለውን አታውቅም ወይ?» የሚል ብዙ ሰው አለ። ከሻን አውቃለሁ። የጭነት መኪና ሰፈር መግቢያ ላይ ይቆማል፤ ፖሊሱ ኢቃማ ይጠይቃል፤ የሌለው ይጫናል፤ ያለውም አንዳንዴ ይጫናል። አረቄ ሸጣችሁ ተብለው የተገረፉ፣ ኦምዱርማን የሴቶች ወህኒ ቤት የታጎሩ እኅቶቻችንን ታሪክ ማንም አይክድም። ለግርፋቱ መሠረት የነበረው የሕዝብ ሥርዓት ሕግ የተሻረው በኅዳር 2019 ነው፤ እስከዚያ ስንቱ ጀርባ እንደተተለተለ እግዜር ይወቀው። በሰው ቤት ሠርታ ደመወዟን የተከለከለችም አለች። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ከተማዋን ቢጠላ ማን ይፈርድበታል?

ፍርድ የለብኝም። ነገር ግን ባዝን በምሳሌነት የሚያነሣ ሰው የባዝን ታሪክ እስከ ጫፉ ያንብበው። ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ የኖሩት በክብር ብቻ ነበር ያለው ማነው? የእንግሊዝ መንግሥት በኅዳር 1938 ጣልያን ኢትዮጵያን መያዙን በሕግ አውቆ ተቀበለ። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለው ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት መክፈል የነበረበትን የቴሌግራፍ ሒሳብ ለመቀበል ለንደን ላይ ክስ መሥርተው ነበር። በመጀመሪያው ፍርድ ረቱ። ይግባኙ ሳይወሰን የዕውቅናው ነገር መጣ፤ ፍርድ ቤቱም ገንዘቡ ከእንግዲህ የጣልያን ንጉሥ ነው ብሎ በየነ። አስተውሉ፤ ያስጠጋቸው መንግሥት በገዛ ችሎቱ ዘውዳቸውን ለወራሪው አሳልፎ ሰጠ። ከዚህ የከፋ ከሻ አለ ወይ? በኢቃማ ፋንታ ዘውድ የተጠየቀበት ከሻ ነው።

ታዲያ በጥቅምት 1954 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝን ሲጎበኙ ወደ ባዝ ተመለሱ፤ ከተማዋም የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው። በ1958 ደግሞ ፌርፊልድ ሃውስን ለከተማዋ አረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን አበረከቱት። ለምን? የለንደን ሹም ሌላ፣ የባዝ ጎረቤት ሌላ መሆኑን ስለለዩ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ነገርም ልጨምር። የተመለሱባት ባዝ ትተዋት የሄዱት ባዝ አልነበረችም። በሚያዝያ 1942 የጀርመን አውሮፕላኖች ለተከታታይ ሌሊቶች ደብድበዋት ከ400 በላይ ሰው አልቆባታል። ጦርነት ያለፈበት የቀድሞ ሰፈር መጎብኘት፣ ማን ቀረ ማን ሄደ ብሎ መጠየቅ፣ ለቀሩት ሽማግሎች ቤት መተው፤ ይህን ነው ባዝን ቤት ያደረገው።

በባሕሪም መንግሥትና ጎረቤት አንድ አልነበሩም። ከሻ ሲወጣ የግቢዋን በር ከፍታ የአበሻዋን ልጅ ወደ ውስጥ የምትስበው ሐጃ ጎረቤት ነበረች። የሦስት ወር ኪራይ የታገሠው አከራይ ጎረቤት ነበር። በረመዳን ማታ ምንጣፉን ከመንገዱ ዳር ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን፣ አንገቱ ላይ ማዕተብ ያሰረውን ጭምር፣ ካልበላህ አታልፍም ብሎ እጁን የሚይዘው ሰፈር የባሕሪ ሰፈር ነበር። ኪስራው እንጀራን፣ ጀበናው ጀበናን ይመስላል። የወርዲንና የሰይድ ኸሊፋን ዘፈን አገራችን ላይ በሠርግ እንጨፍርበታለን፤ ዘፈኑን ቤታችን አስገብተን ዘፋኙን ያበቀለውን አገር በር ላይ ማቆም ምን የሚሉት እንግዳ አቀባበል ነው?

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል) ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲነሣ ባሕሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከእሳቱ መካከል ነበረች። ሰፈሮቿ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል ተያዙ፤ ገበያዋ ተዘረፈ፣ ነደደ። ወደ ኦምዱርማን የሚያሻግረው የሻምባት ድልድይ በዚያው ዓመት ኅዳር ተሰበረ። የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2025 መግቢያ ነው። ከዚያ በኋላ ነዋሪው ጥቂት በጥቂት መመለስ ጀመረ፤ በሩ የተነቀለ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ከግድግዳው ተመዝዞ የተወሰደ ቤት ነው የተቀበለው። እኛም በዚያው ሰሞን በመተማ በኩል በአሥር ሺሕዎች ተመልሰናል። ከእኛ ጋር ደግሞ ሱዳናውያኑ መጡ። አስጠጊና ተጠጊ በአንድ አቧራ፣ በአንድ ሰልፍ ቆሙ።

እንዴት ተቀበልናቸው? በምዕራብ ጎንደር፣ ኩመርና አውላላ በተባሉ መጠለያዎች ሰፈሩ። በ2024 የታጠቁ ዘራፊዎች ሌት ተቀን ቀሟቸው፤ የተገደለ አለ፣ ታግቶ ገንዘብ የተጠየቀበት አለ። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ አንድ ሺሕ ያህሉ ከአውላላ በእግራቸው ወጥተው ከመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። በኋላ ሁለቱ መጠለያዎች ተዘግተው ሰዎቹ ወደ አፍጢጥ ተዛወሩ። አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በዶላር የሚታደስ ቪዛ ጠበቀው። ክልሉ ራሱ በግጭት ውስጥ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ዘራፊው እኛንም ይዘርፋል፣ ያግታል። ነገር ግን ዝርፊያውን ባናቆም እንኳ ዝምታውን ማቆም የሚከለክለን አልነበረም። ባሕሪ የበላ፣ ባሕሪ የዳረ፣ ባሕሪ የቀበረ ስንት የተማረ ሰው አለን! ከእነርሱ መካከል «እነዚህ ጎረቤቶቼ ነበሩ» ብሎ በጋዜጣ የጻፈ ስንት ሰው አነበባችሁ? በበላበት ወጪት የሚሰብር ሰው በአገራችን ስም አለው፤ ሲሰበር ቆሞ ለሚያይ ግን ስም አላወጣንለትም።

«ጦርነት ባለበት ምን ጉብኝት?» የሚለኝ ይኖራል። ዛሬውኑ ተነሥታችሁ ሂዱ አላልሁም፤ የሻንጣ ጉዳይ አይደለም። ባዝ ያለ የጻፈበት ብዕር አጠገቡ ካለ፣ ሌላም መመለሻ መንገድ አለ። በ1970ዎቹ በእግሩ ገዳሪፍ የገባው ተማሪ ዛሬ ሰባ ሊሞላው ነው። በሐጅ ዩሱፍ እንጀራ ስትጋግር የኖረችው ሴት መተማ ወይም ጎንደር ወይም አዲስ አበባ አንድ ክፍል ተከራይታ ተቀምጣለች፤ የትኛው መንገድ ወደ ገበያው እንደሚያወጣ፣ የትኛው ቤት ውስጥ ማን ይኖር እንደነበር፣ የትኛው ፖሊስ ጉቦ እንደሚቀበልና የትኛው ዝም ብሎ እንደሚያሳልፍ ታውቃለች። የአማርኛና የዐረብኛ ቃል ቀላቅሎ የሚናገረው የባሕሪ ልጅ አነጋገሩ በሰፈር ልጆች ከመሳቁ በፊት ቢመዘገብ ለቋንቋ ተማሪ እንኳ ሀብት ነው። ይህን የሚመዘግብ ሰው ዐረብኛ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ የቴፕ መቅጃና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ዐረብኛው ያስቸገረው ካለ፣ ይህ ጸሐፊ ያለ ክፍያ ይተረጉምለታል።